አጠገቡ ማን ነበር?

የጆን ስታይንቤክ «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» በአንድ ምሽት የሚያልቅ መጽሐፍ ነው። የታተመው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲሆን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ የሚሠሩ ሰዎችን ሕይወት ይተርካል። ከነሱ መሀል ካንዲ የሚባል፣ አንድ እጁን ማሽን የቆረጠበት ሽማግሌ አለ። ካንዲ ውሻ አለው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ነው፤ አሁን ግን አርጅቷል፣ ጥርሱ አልቋል፣ ዓይኑ ፈዟል፣ ይሸታል። ካርልሰን የሚባለውን ሠራተኛ ሽታው አስመርሮታል። ሽጉጥ እንዳለው፣ ማጅራቱ ላይ አንዴ ቢተኩስ ውሻው ምንም ሳይሰማው እንደሚያልፍ ለካንዲ ያስረዳዋል። ካንዲ ዛሬስ ይቅር፣ ነገ ይሁን እያለ ይለማመጣል። ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል፤ የሚያግዘው ሰው አያገኝም። በመጨረሻ እሺ ይላል። ካርልሰን ውሻውን በማሰሪያው ስቦ ወደ ጨለማው ይወጣል። ካንዲ አልጋው ላይ ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የቀሩት ሰዎች ካርታ እንጫወት፣ እንትን እናውራ ይላሉ፤ ወሬው ግን አልያዝ ይላቸዋል። ከዚያ ተኩሱ ይሰማል። ካንዲ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

በኋላ ለጆርጅ የሚነግረው ነገር አለ። ውሻውን ራሱ መግደል እንደነበረበት፣ ለባዕድ ሰው አሳልፎ መስጠት እንዳልነበረበት ይናገራል።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ያኔ የካንዲ ውሻ ለእኔ የመጨረሻው ምዕራፍ ማሟሟቂያ ብቻ ነበር (ያላነበባችሁ ይቅር በሉኝና፣ መጨረሻ ላይ ጆርጅ ጓደኛውን ሌኒን በዚያው ዓይነት ሽጉጥ፣ በዚያው ዓይነት ቦታ ላይ ይመታዋል)። መምህሩም እንደዚያ ነበር ያስተማረን፤ «ደራሲው የሚመጣውን ሲጠቁም ነው» ብሎ አለፈው። ባለፈው ዓመት እንደገና ሳነበው ግን ካንዲ ፊቱን ያዞረበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በላይ ማንበብ አቃተኝ። እኔም ፊቴን አዙሬ ስለማውቅ ነው።

*

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወስደው መንገድ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጨርስ ድብ ባሕር ይደርሳል። ላይ ጋቢ ለብሰህ የተሳፈርከው ሰው ታች ስትደርስ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ቤተሰቦቼ እዚያ ናቸው። መከታ ውሻችን ነበር። ሥራው ማታ ጅብ፣ ቀን ደግሞ ማሽላው ላይ የሚወርደውን ዝንጀሮ ማባረር ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ እማዬ ውሻ ደጃፉን እንዲያልፍ አትፈቅድም። እኔ ከተማ ገብቼ ዶርም፣ ከዚያ ኪራይ ቤት፣ ከዚያ ቢሮ ስቀያይር እሱ እዚያው ደጃፍ ላይ አረጀ።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ በዚያ መንገድ ሲመጣ ቤተሰቤ ወደ ደባርቅ ወጣ። መከታ ቀረ። ማንም «ውሻውስ?» ለማለት ጊዜ አልነበረውም። ሲመለሱ ግቢው ውስጥ አገኙት፤ አጥንቱ ወጥቶ፣ ግን ግቢው ውስጥ። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ የምታስከትለው አንድ ዐረፍተ ነገር አላት፦ «ምን ሲበላ እንደከረመ እግዜር ይወቀው።»

ካቻምና መንጋጋው ላይ እብጠት ወጣበት። እብጠቱ አደገ፣ ፈነዳ፣ ትል ገባበት። መብላት አቆመ፤ ውሃ እንኳ በአፉ ጎን ይፈስበታል። ማታ ማታ የሚያሰማው ድምፅ እንቅልፍ እንደነሳቸው እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ። ድምፁን ቀድታ። አንዴ ከፍቼ ዘጋሁት።

ጎረቤት ያቀረበው መፍትሔ ሁለት ነበር። አንደኛው ገመድና ገደል ነው፤ በእኛ አገር ገደል አይጠፋም። ሁለተኛው እግሩ እስኪከዳው ጠብቆ ራቅ አድርጎ መጣል፣ የቀረውን ለጅብ መተው። ይህ ጭካኔ ብቻ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት የተሸከመ አህያም ሲወድቅ እንደዚሁ ነው የሚደረገው፤ ሰው የሚያውቀው መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። እኔ ሦስተኛ አማራጭ ፈለግሁ። ስልክ ደወልኩ፣ ሰው በሰው አንድ የእንስሳት ሐኪም አገኘሁ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ የሚመጣበትን ቀን ቆረጥኩ። ሁሉንም ከአዲስ አበባ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ያኮራኝ ነበር፤ ቤቱ ድረስ፣ ደጃፉ ላይ፣ ያለ ሥቃይ።

*

ሐኪሙ በስልክ ያለኝ «እንገላግለዋለን» ነው።

ይህ ቃል ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። ገላጋይ የተጣሉ ሰዎችን የሚለያይ ነው። ነፍሰ ጡር ስትወልድ ተገላገለች ይባላል። ሐኪሙ ቃሉን የተጠቀመበት በዚህ ደግ ትርጉሙ ነው፤ ሕመሙንና ውሻውን ልለያያቸው ማለቱ ነው። ግን ቃሉ ላይ አንዲት ፊደል ስትጨመር ነገሩ ይገለበጣል። «ገላገልነው» እና «ተገላገልነው» በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው እሱ ዐረፈ ነው። ሁለተኛው እኛ ዐረፍን ነው። ያንን ሌሊት ራሴን የጠየቅሁት ይህንን ነበር፤ የማደርገው የትኛውን ነው? ድምፁን አንዴ ከፍቶ የዘጋ ሰው የሚገላግለው ማንን ነው?

ሌሎቹን ቃላት ፈተሽኳቸው። አማርኛ ለሰው ሞት ብዙ ልብስ አለው፤ ዐረፈ፣ ተለየ፣ አለፈ። ለከብት ያለው ሁለት ነው። ተባርኮ በቢላ ከሞተ ታረደ፤ ሳይታረድ ከሞተ በከተ። አንዱ ወደ ምግብ ያመራል፣ ሌላው ወደ ጉድጓድ። ውሻ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው። አይታረድም፣ ሲሞት ይጣላል። በተረታችን ውስጥ እንኳ ውሻ የሚጠራው በአፉ ነው፤ በበላበት ይጮሃል፣ በቀደደው ጅብ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው የሚወደውን እንስሳ፣ ከሕመም ለማሳረፍ ብሎ፣ እቤቱ፣ በመርፌ ሲያሰናብት የምንልበት ቃል የለንም። ቃል ብቻ ቢሆን በትርጉም ይሞላ ነበር። የጎደለን ታሪክ ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ያሳየን፣ በዚያ ሰዓት እጅ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ማን ምን እንደሚል ያስተማረን ታሪክ የለንም።

*

በጣም የሚቀርበው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። ፊልሙ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ስለሆነ ስሙን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ያያችሁት ግን ጥቂት እንደሆናችሁ እገምታለሁ። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ እሱን ዘመዶቹ ጋ ያስቀምጠዋል። ከእናቱ ቤት የቀረው ቹኒ የሚባል በግ ነው። አጎቱ ልጁ ማረስ አለመቻሉና እንደ ሴት ወጥ መሥራት መውደዱ ያናድደዋል፤ ለመጪው በዓልም በጉ እንደሚታረድ ያስታውቃል። ከዚያ ፊልሙ ልጁ በጉን ለማትረፍ የሚያደርገውን ሩጫ ይከተላል፤ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይወጣል፣ ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቅማል።

የፊልሙ ትልቁ ጥንካሬ አጎቱን ክፉ አለማድረጉ ነው። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ቢላውን አስፈሪ፣ ልጁን መልአክ ያደርግ ነበር። እዚህ ግን ቢላው ሥርዓት አለው። በዓል ይመጣል፣ ቤተሰብ ይበላል፣ በግ ይታረዳል፤ የምንኖረው እንደዚያ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን በገመድ የጎተትነው፣ ሣር ያበላነው፣ ስም ያወጣንለት፣ ከዚያ ጠዋት ተነስተን ቆዳው ተሰቅሎ ያገኘነው አንድ በግ አለን። «ላምብ» ያንን ጠዋት ሳያለቅስ ያስታውሰናል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ነገር ግን ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ድንበሩም ታየኝ። በኤፍሬም ዓለም መውደድ ማለት ማዳን ነው። የሚወደው እንስሳ ጤነኛ ነው፤ ጠላቱ ቢላው ነው፤ ከቢላው ከሸሸ ይኖራል። ይህ ንጹሕ ጥያቄ ነው። ሞቱ ከውጭ ሳይሆን ከመንጋጋው ውስጥ የመጣበትን እንስሳ ግን የት ይዘኸው ትሸሻለህ? ከበዓል በኋላም በግ አለ፣ ከጾም በኋላም ፍስክ አለ፤ ሊድን የማይችልን እንስሳ ስለመውደድ ግን «ላምብ» የሚነግረን ነገር የለውም። አላወቀበትም ማለቴ አይደለም፤ ጥያቄው አይደለም። ግን የእኛ ታሪኮች እንስሳ ሲገባባቸው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ወይ ይታረዳል፣ ወይ ያመልጣል።

የቀሩት ደግሞ እንስሳው የሚያልፍባቸው እንደ ዕቃ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» መጀመሪያ ገጾች ላይ ሉሉ የምትባለውን የጃንሆይን ትንሽ ውሻ ያመጣታል። ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸናለች፤ መኳንንቱ ደግሞ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድላቸውም፤ ጫማቸውን በጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይ አለ። የመጽሐፉ እውነተኛነት ብዙ ክርክር አለበት፤ እሱን ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ዓለም ከቤተ መንግሥታችን እንስሳት አንዷን ያወቀው በሽንቷ መሆኑ ነው። ውሻዋ እዚያ ያለችው መኳንንቱ ምን ያህል እንደተዋረዱ ለመለካት ነው። ከዚያ ትጠፋለች።

በተቃራኒው የፈረሶቻችንን ስም አንረሳም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ሰውየው የፈረሱ አባት ነው። ለእንስሳ ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል? ጎንደር ውስጥ «አባ ታጠቅ» ሳይባል የሚያልፍ ሠርግ ማግኘት ይከብዳል። ግን በትምህርት ቤትም፣ በሽለላም፣ በአያቴ ወሬም ታጠቅ ሲያረጅ፣ እግሩ ሲከዳው፣ አጠገቡ ማን እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም። ስሙን ወስደን ሬሳውን ጥለነዋል። ፈረሱ የሚፈለገው እስከሚጋልብ ድረስ ነው።

*

ከውጭ የመጡት ታሪኮች የመርፌውን ሰዓት ያውቁታል። አብዛኛዎቻችን ያየነው «ማርሊ ኤንድ ሚ» ነው፤ በጆን ግሮጋን መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም። ረባሹ ውሻ ያረጃል፣ ይታመማል፣ ጌታው ክሊኒክ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ ያሰናብተዋል፣ ቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ይቀብረዋል። አልቅሻለሁ፤ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽም። ግን ፊልሙ ለቅሶውን በጣም ርካሽ ያደርገዋል። ሐኪሟ ደግ ናት፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ማንም ገንዘብ አይቆጥርም፣ ማንም «ለውሻ?» ብሎ አይስቅም፣ ማንም እፎይ አይልም። በተለይ ይህ የመጨረሻው። የታመመ እንስሳ አጠገብ የከረመ ሰው ሁሉ ሲያልቅ እፎይ ይላል፤ ከዚያ በእፎይታው ያፍራል። «ማርሊ» ይህን ኀፍረት ቆርጦ ያወጣዋል። የቀረው ንጹሕ ሐዘን ነው፤ ንጹሕ ስለሆነም አይቆይም።

ኩትዚ ግን አይምርህም። የደቡብ አፍሪካው ደራሲ ጄ. ኤም. ኩትዚ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዲስግሬስ» ዋና ገጸ ባሕርዩ ዴቪድ ሉሪ የሚባል ፕሮፌሰር ነው። ከተማሪው ጋር በፈጠረው ነገር ከሥራው ተባርሮ ገጠር ልጁ ጋ ይሄዳል። እዚያ ቤቭ ሾው የምትባል ሴት በምታንቀሳቅሰው የእንስሳት ክሊኒክ ማገዝ ይጀምራል። ፈላጊ ያጡ ውሾች በመርፌ ይገደላሉ፤ ሉሪ ይይዛቸዋል፣ ያረጋጋቸዋል፣ ሬሳቸውን በፕላስቲክ ከረጢት ያደርጋል። በነጋታው ሆስፒታሉ ማቃጠያ ይወስዳቸዋል። እዚያ ያሉት ሠራተኞች የደረቀው እግር አልገባ ሲላቸው በአካፋ እየመቱ እንደሚሰብሩት ካየ በኋላ ሉሪ ሥራውን ለራሱ ይወስደዋል፤ እያንዳንዷን ሬሳ በእጁ ይጭናል።

ለምን? ውሻው ሞቷል። አይሰማውም። በምንም ሂሳብ ለውሻው የሚጨምረው ነገር የለም። እኔ ሂሳብ የሚወድ ሥራ ላይ ነኝ፤ አንድ እርምጃ ውጤት ላይ ለውጥ ካላመጣ ይሰረዛል። የሉሪ ሥራ እንዲህ ቢፈተሽ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። ልቦለዱ የቆመው ግን በዚያ በሚሰረዘው ነገር ላይ ነው። ሉሪ ደግ ሰው አይደለም፤ መጽሐፉም ደግ ሆኗል አይለንም። በሕይወቱ ብዙ ሰው ትቶ የሄደ ሰው፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ማንም ሳያየው፣ ጥሎ አለመሄድን ይለማመዳል። መጨረሻ ላይ እግሩ የተሰናከለውንና ሙዚቃ የሚወደውን ወጣት ውሻ ራሱ አቅፎ ወደ መርፌው ይዞት ይገባል። አንድ ሳምንት ሊያቆየው ይችል ነበር። ያ መጨረሻ እስካሁን ያናድደኛል፤ ፍቅር ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ ኩትዚ አይነግረንም። ሐቀኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። መርፌው በራሱ ደግም ክፉም አይደለም።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ2006 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የአንበሳ ግቢ፣ ቦታና ገንዘብ አጥሮት ደቦሎችን በመርዝ እንደሚገድል በዓለም አቀፍ ዜና ተዘግቦ ነበር። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማጽዳትም በከተሞቻችን የታወቀ ነገር ነው። በመድኃኒት መግደልን እናውቃለን ማለት ነው። እዚያ የሌለው ማቀፍ ነው። አንድ እንስሳ «ተገላገለ» ወይስ «ተገላገልነው» የሚለውን የሚወስነው በመርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ይመስለኛል። ካንዲ የተጸጸተው ለዚህ ነው። ውሻው መሞቱ አይደለም የቆጨው፤ ካርልሰን ትክክል ነበር፣ ውሻው ይሠቃይ ነበር፣ ተኩሱም ፈጣን ነበር። የቆጨው በገመድ እየተሳበ ሲወጣ አብሮት አለመውጣቱ ነው። ስታይንቤክም ራሱ ከክፍሉ አልወጣም። ካሜራው ካንዲ አልጋ አጠገብ ቀረ፤ ውሻውን በተኩስ ድምፅ ብቻ ሰማነው፤ ስም እንኳ አልሰጠውም። ይህ የመጽሐፉ ድክመት ነው እል ነበር። አሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ድርጊቱን ያላየ ሰው የሚቀረው ያ ድምፅ ብቻ መሆኑን ስታይንቤክ ያውቅ ነበር።

*

ቀኑ ሐሙስ ነበር። የሥራ ቀን። ፈቃድ መጠየቅ እችል ነበር፤ «ውሻ ሞቶብኝ ነው» ብሎ መጠየቅ አፈርኩ። በአውሮፕላን ጎንደር፣ ከዚያ በመኪና ደባርቅ፣ ከዚያ ሊማሊሞን መውረድ፤ መንገዱም ሰላሙም አስተማማኝ አይደለም አልኩ። ሁሉም ምክንያት ነበር። ስለዚህ በቪዲዮ እንሰናበታለን ተባባልን።

እህቴ ስልኩን ያዘች። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር። «እማማ፣ ከፈለጉ ገባ ይበሉ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት እማዬን። እማዬ አልገባችም። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ወጋው፤ እንቅልፉ እስኪወስደው ጥቂት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ልቡን የሚያቆመው ከዚያ በኋላ እንደሚሰጥ፣ ዓይኑ ሳይከደን ሊቀር እንደሚችል፣ ካለፈ በኋላም አንዴ አየር ሊስብ እንደሚችልና እንዳይደነግጡ አስረዳ። ሁሉንም ሰማሁ። መከታ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ስልኩ አየ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ስልኩ፤ ምናልባት ድምፄን ሰምቶ ይሆናል።

ያኔ ነው የዘጋሁት።

በኋላ ደውዬ «ኔትወርኩ ተቆረጠ» አልኳት። «አውቀናል ልጄ፣ እዚህም አስቸግሮናል» አለች። ኔትወርኩ አልተቆረጠም። ጣቴ ናት።

የቀረውን የነገረችኝ እህቴ ናት። እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሮጌ ነጠላዋን አጥፋ ከሥሩ አነጠፈች። በሞቀ ውሃ ፊቱን፣ ያንን የበሰበሰውን መንጋጋ ሳይቀር፣ አበሰችለት። ዕድሜዋን ሙሉ ውሻ ከነካች እጇን በአመድ የምታጥብ ሴት ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ፣ ቤቱን ጠብቀሃል» ትለው ነበር። ለታመመ ሰው የምትለውን ነው ያለችው። ሁለተኛው መርፌ ከተሰጠ በኋላም ከላዩ ላይ እጇን ቶሎ አላነሳችም። አባዬ ግራዋው ሥር ቆፈረ፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመረበት። ከዚያ እማዬ ቡና አፈላች። አንዷ ጎረቤት «ለውሻ ደግሞ ቡና?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ግን ተቀምጣ ጠጣች።

ነገሩን ማን አስተማራት? «ማርሊ»ን አላየች፣ ኩትዚን አላነበበች። ግን አያቴን አስታምማ ቀብራለች። ጎረቤት አስታምማለች። አስታማሚ ማለት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አይደለም፤ መድኃኒት ካለቀ በኋላ የማይሄድ ሰው ነው። ይህ ቃል አለን። ስለ እንስሳ ብለን አንጠቀምበትም እንጂ አለን፤ ከ«ማረድ»ም ከ«መገላገል»ም ይልቅ የዚያን ቀን የሆነውን ነገር የሚገልጸው እሱ ነው። እኔ ሐኪሙን አገኘሁ፣ ገንዘቡን ከፈልኩ፣ ቀኑን ቆረጥኩ፤ ገላገልኩት። ያስታመመችው እሷ ናት።

ለዚህ ነው ከእንግዲህ ስለ እንስሳ የሚጻፈውን ስናነብ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድንጠይቀው የምፈልገው። እንስሳው ምንን ይወክላል የሚለውን አይደለም፤ እሱን ብዙ ጠይቀናል፤ በግ ጭቁን ሕዝብ ነው፣ ውሻ አሽከር ነው፣ ፈረስ ጀግንነት ነው። ጥያቄው አጠገቡ ማን ነበር የሚለው ነው። ደራሲው እስከመጨረሻው ተቀምጧል ወይስ ከጥይቱ በፊት ገጹን ገልብጧል? የሰሜን ተራሮችን የሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ የእኛ ውሾች ስማቸው የሚነሳው ቀይ ቀበሮውን በእብድ ውሻ በሽታ እንዳይጨርሱት ነው፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው፣ ግን የውሻው ሙሉ ታሪክ አይደለም። በእያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቤት ጠብቆ የሚያረጅ አንድ አለ፤ አጠገቡም ነጠላዋን የምታነጥፍ አንዲት ሴት አለች። አማርኛ ይህን ሰዓት የሚጽፍለት ደራሲ እየጠበቀ ነው።

እኔ ያንን ልጽፈው አልችልም። ስላላየሁት። የእኔ ድርሻ የካንዲ ነው፤ ግድግዳውን።

እማዬ እስካሁን የምታውቀው ኔትወርኩ እንደተቆረጠ ነው። ረጅም ጽሑፍ ዓይኗን ስለሚያደክማት የጻፍኩትን ሁሉ የምታነብላት እህቴ ናት። ይህንንም ታነብላታለች።